በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ሐረጎን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መንገዱ ተራራውን ታክኮ፣ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይሄዳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከፍታቸው ልዩነት ግን 600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክረምት ላይ ደሴን ጉም ውጧት፣ ሹራብ ደርበህ ትነሳለህ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ሹራቡ እጅህ ላይ ነው።

አባቴ ጉልበቱን የጨረሰው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይነዳ ነበር። ከአሰብ ይጭናል፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ያራግፋል። ሲመለስ ያንኑ ዳገት ቁልቁል። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ሥራው ይኸው ነበር።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይወርድ ነበር። አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከሁሉም የማልረሳው ሽታውን ነው። ከፊታችን የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲያበዛ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። የአባቴ ፊት ይለወጣል። "ሸተተህ? ይሄ ሰውዬ በእግሩ ነው የሚወርደው" ይለኛል። አባቴ ግን የሚወርደው በሞተር ነው። ገና ከአናቱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ እያጓራ መኪናውን ይይዘዋል። ፍሬኑን አንዳንዴ ነካ አድርጎ ይለቀዋል እንጂ አይጫነውም። ሕጉ አንድ ነበር፦ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ።"

ምክንያቱን የተረዳሁት አድጌ ነው። ፍሬን የሚሠራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በፍሬን ብቻ ካወረድከው ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት፣ ታምቡሩ፣ ግሎ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ሸራውም መንከሱን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጠው ምን ሊረባህ። "ፍሬን በጠሰ" የምንለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከላይ፣ ከአናቱ ላይ፣ ማርሽ ሳይቀነስ የታለፈች ቅጽበት ላይ ነው።

ዛሬ እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ የሚመጡ ሰዎችን አሠለጥናለሁ። የአባቴን ሕግ በቀን አሥር ጊዜ ሳልደግም አልውልም።

አምና ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር አንዲት ስልክ ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ለማን በምትባል ከተማ፣ የ24 ሰዓቱ የመኪና ውድድር ሊጀመር ነበር። ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረ ነው። አንዱ ዙር ከ13 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ከመንገዱም ከፊሉ በአዘቦት ቀን የአገሬው ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት አስፋልት ነው። ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል። ሐረጎን ለሁለት ቀን ዘግተው ሲወዳደሩበት ይታየኛል።

ዳታ እየቆጠብን ነው ያየነው። አጀማመሩን አየን፣ ዘጋን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከፈትን። ጠዋት ቁርስ ላይ ከፈትን። መኪኖቹ ያው ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ አውዲ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ አሸንፏል። ከአዲስ አበባ ደሴን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንል፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ከአሥራ ሦስት ጊዜ በላይ መንዳት ማለት ነው።

ልጅቱ 22 ዓመቷ ነው። መኪና ነፍሷ ነው። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከምን ተነስተው ነው እዚህ የደረሱት?" አለችኝ።

"ከኩሽኔታ" አልኳት።

የደሴ ልጅ የሆነ ሰው የምለው ይገባዋል። ሰፈራችን ሸዋ በር ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት እንጂ ሜዳ አልታደለችም። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ እንለቅማለን። አራት ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ በሦስት። ጣውላ እናገኛለን፤ ኩሽኔታውን ከሥሩ እንደ ጎማ እንገጥማለን። ከፊት ያለውን እንጨት በአንድ ብሎን እናስረውና እንደ መሪ ይዞራል። ጫፍና ጫፉ ላይ ገመድ። ፍሬኑ በረባሶ ነው። ከጎማ የተሠራ ጫማ ስለሆነ አስፋልት ላይ ሲጎተት ይይዛል። ኩሽኔታው አስፋልት ላይ ሲሮጥ የሚያወጣው ፉጨት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እናቶች ከቤት ሆነው ይሰሙታል። "መጡ ደግሞ!" ይላሉ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ አንድ ኩርባ ነበረች። ሁላችንም እዚያ እንወድቃለን። እኔ አንድ ቀን ኩርባው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደንግጬ በረባሶውን በሙሉ ኃይሌ ተጫንኩት፤ ገመዱንም አብሬ ሳብኩ። ጋሪው ቀጥ ብሎ ሄደ። አልታጠፈም። የግራ እጄ አንጓ ወለቀ። ወጌሻዋ እያሸች ስታስገባው ያለቀስኩት ለቅሶ! አባቴ ማታ ሲመጣ ቁጣውን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ፍሬን የያዝከው የት ላይ ነው?"

ጥያቄው ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው፣ አንድ የውድድር መሐንዲስ ከኩርባ ለወጣ ተወዳዳሪ የሚያቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው።

አንድ የሰፈር ልጅ ግን አይወድቅም ነበር። ስሙን አልጠራም። ከኩርባው በፊት እግሩን ነካ አድርጎ ፍጥነቱን ይገድላል፤ ከዚያ ገመዱን ሲስብ በረባሶውን ቀስ እያለ ያነሳዋል። ሰውነቱን ወደ ውስጥ ያጋድላል። ከሁላችን ቀርፋፋ ሆኖ ኩርባው ውስጥ ይገባል፣ ከሁላችን ፈጥኖ ይወጣል። ማንም አላስተማረውም።

እዚህ ላይ ነው ካርቲንግ፣ ካርት በምትባል ትንሽ ክፍት የውድድር መኪና መወዳደር፣ የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1956 አርት ኢንግልስ የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ካርት ሠራ። ኑሮው የውድድር መኪና መሥራት ነበር። ቱቦ በየደ፣ ትናንሽ ጎማ አደረገለት፣ የሣር ማጨጃ ሞተር ገጠመለት። በቃ። ዛሬ የምናያቸው ታላላቅ ሾፌሮች አብዛኞቹ የጀመሩት የዚያ ዘር በሆነ ነገር ነው፤ ብዙዎቹም ገና በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው።

ካርት ባሌስትራ የለውም። ሞላ የለውም። ዲፍረንሻልም የለውም። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ ተጣብቀው እኩል ይዞራሉ። እና ይሄ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ረጅም መንገድ፣ የውስጡ አጭር መንገድ ይሄዳል። የኛን መኪኖች ከዚህ ችግር የሚገላግላቸው ዲፍረንሻሉ ነው። ካርት ግን ይህን ስላልታደለ፣ መታጠፍ የሚችለው የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ትንሽ ቀና ሲል ብቻ ነው። መሪው ሲዞር የፊቱ አሠራር ያግዘዋል፤ የቱቦው አካል ይለመጣል፤ ክብደቱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጎማው ይነሳል። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን በቃል ሊነግርህ አይችልም። በመቀመጫው ግን ያውቀዋል። ክብደት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ከመሬት በጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ይማረዋል።

ለሠልጣኞቼ የምላት አባባል አለችኝ። መሪና ፍሬን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ጎማ አስፋልቱን የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ፍሬኑ ትሪውን ከጠረገው ለመሪው የሚተርፍ የለም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኩርባዋ ላይ እጄን ያስወለቀኝ ይኸው ነው። ካርት የሚነዳ ልጅ መጀመሪያ ቀጥታው ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ መሪውን ማዞር ሲጀምር ፍሬኑን እያላላ ለመሪው ይለቅለታል። የሰፈሬ ልጅ በበረባሶ ያደርገው የነበረው ያንን ነው።

ታዲያ እሱ የት ደረሰ? ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ቅጥቅጥ ይነዳል። ጎበዝ ነው። እሱ ጋ የተሳፈረች እናት ሕፃን አስተኝታ ትወርዳለች። እሱ መኪና ውስጥ በተቀመጥኩ ቁጥር ግን አንጀቴን የሚበላኝ ነገር አለ።

ምክንያቱም ካርቲንግ የሀብታም በር ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ጎማ ይገዛል፣ ከአገር አገር ይኬዳል። በኋላ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነው ሉዊስ ሃሚልተን በስምንት ዓመቱ ሲጀምር አባቱ ለልጁ ውድድር ብሎ ከአንድ በላይ ሥራ ይሠራ ነበር። የፈረንሳዩ ኢስተባን ኦኮን ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች መኪና ውስጥ ኖረዋል። አባቱ ጋራዥ ነበረው። እነዚህ ሁለቱ ተሳካላቸው። ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ያልተሳካለትን ማንም አይጽፍላቸውም። በዚህ ነገር እቆጫለሁ፤ ቁጭቴንም አልደብቅም። ቁልቁለት ሁሉ ልጅ አለው፣ ልጅ ሁሉ ግን ቤት የሚሸጥለት አባት የለውም።

በ15 ዓመቱ ልጁ ከካርት ወደ ፎርሙላ 4፣ ጣሪያ ወደሌለው ባለ አንድ ወንበር የውድድር መኪና፣ መግባት ይችላል። ከዚያ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ 2። ከላይ ፎርሙላ 1 አለ፤ እዚያ ያለው ወንበር ለመላው ዓለም ሃያ ምናምን ብቻ ነው። መሰላሉ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ይወርዳል።

የኔ ፍቅር ያለው ግን ጎን ላይ ያለው በር ጋ ነው። ስፖርት መኪና። ጣሪያና በር ያለው፣ መብራት ያለው፣ ሌሊት የሚነዳ መኪና። ኬቨን ኤስትር የሚባለውን ፈረንሳዊ እንውሰድ። ካርት ነድቷል፣ ፎርሙላ ሞክሯል። ከዚያ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ፖርሽ ወደሚነዳበት ካሬራ ካፕ ገባ። መኪናው እኩል ከሆነ የሚለየው ሰውየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የፈረንሳዩን፣ በ2013 የጀርመኑን አሸነፈ። ፖርሽ ደሞዝተኛ ሾፌር አደረገው። በ2018 ለማን ላይ በምድቡ አንደኛ ወጣ፤ በ2024 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የዓለም ጽናት ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። እንጀራውን ከፋይ ሆኖ ሳይሆን ተከፋይ ሆኖ ይበላል። ፕሮፌሽናል ማለት ይኼ ነው።

ልጅቱ "የግድ ካርት ነው እንዴ?" አለችኝ። የግድስ አይደለም። ስፔናዊው ሉካስ ኦርዶኜዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒሳን ባዘጋጀው ውድድር ግራን ቱሪስሞ በሚባለው የፕሌይስቴሽን ጌም አሸንፎ ነው እውነተኛ መኪና ውስጥ የገባው። ከሦስት ዓመት በኋላ ለማን ላይ በምድቡ ሁለተኛ ወጣ። ይህን ስነግራት ስልኳን የምታየው ዓይን ተለወጠ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ቶም ክሪስተንሰንን ነው። ዴንማርክ ውስጥ ሆብሮ የምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ነዳጅ ማደያ ነበረው፤ አባቱም ይወዳደር ነበር። ልጁ ካርት ነዳ። እ.ኤ.አ. በ1991 የጀርመን፣ በ1993 የጃፓን ፎርሙላ 3 ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ያህል አሸንፎም ፎርሙላ 1 አንድም ውድድር አልጀመረም። በ1997 የለማን ውድድር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተጠራ። ሚኬሌ አልቦሬቶና ስቴፋን ዮሃንሰን ከሚባሉ ስመ ጥር ሾፌሮች ጋር አንድ መኪና ተሰጠው። ሌሊት ላይ የነዳው አነዳድ አፍ አስያዘ። አሸነፉ። ከ2000 እስከ 2005 ደግሞ በተከታታይ ስድስት ጊዜ አሸነፈ። በ2008 እንደገና። በ2013 ዘጠነኛውን። ለማን ላይ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም።

ዘጠነኛዋን ሳስብ ዝም እላለሁ። አባቱ በዚያው ዓመት ነው ያረፈው። ከመሞቱ በፊት ዘንድሮ ታሸንፋለህ ብሎት ነበር። ድሉን ለአባቱ ሊሰጠው አስቦ ገባ። ውድድሩ በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ግን የአገሩ ልጅ አለን ሲሞንሰን ተጋጭቶ ሞተ። ክሪስተንሰን ሃያ አራቱን ሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ነዳ፣ አሸነፈ፤ ድሉንም ለሲሞንሰን ሰጠው። አባቱ እንደሚረዳው አውቆ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚነካኝ ነገር ልምጣ። ለማን ላይ አንድ መኪና ሦስት ሾፌር አለው። አንድ ሰው በስድስት ሰዓት ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ብቻህን አታሸንፍም። ካርት ላይ ያደገ ልጅ ሁሉን ለብቻው ነው የለመደው። መኪናው የኔ፣ ወንበሩ የኔ፣ ድሉ የኔ። ስፖርት መኪና ውስጥ ሲገባ ወንበሩን እንኳን ያካፍላል። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው አጭር። አጭሩ በልኩ የተሠራ ትራስ ይዞ ይገባል፣ ሲወርድ ይዞት ይወርዳል። ጂቲ 3 በሚባሉ፣ ከገበያ ስፖርት መኪና በተሠሩ መኪኖች ውድድር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮፌሽናሉ ከአማተር ጋር ይጣመራል። ሾፌሮች ከፕሮፌሽናሉ እስከ አማተሩ ፕላቲነም፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ተብለው ይመደባሉ። ለማን ላይ ጂቲ 3 መኪና ነሐስ ሾፌር ሳይዝ አይገባም። ፕላቲነሙ መኪናውን ለራሱ ብቻ አስተካክሎ ቢፈጥን ምን ይጠቅማል? ነሐሱ እንዲነዳው ሆኖ መስተካከል አለበት።

ቅያሬውን ቀርባችሁ እዩት። መኪናው ይቆማል። በሩ ይከፈታል። ነጂው ቀበቶውን ፈትቶ ይወጣል፤ ተቀያሪው ይገባል። የወጣው ሰው አይሄድም። ላብ እየወረደው ወደ ውስጥ ጎንበስ ይልና የጓደኛውን ቀበቶ ያጠብቅለታል። የሬዲዮውን ገመድ ይሰካለታል። በሩን ዘግቶ ገሸሽ ይላል። ከዚያ የኋላ ጎማው እንዴት እንደሆነ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ዘይት እንደፈሰሰ ለመሐንዲሶቹ ይናገራል።

ይህን ባየሁ ቁጥር ኮምቦልቻ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት የቆመች ኤንትሬ ትታየኛለች። አባቴ አንዳንዴ መኪናውን እዚያ ለሌላ ሾፌር ያስረክብ ነበር። ሰውየው አጭር ነው። አባቴ ጋቢውን አራት አድርጎ አጥፎ ወንበሩ ላይ ያነጥፍለታል። መሪውን በአንገቱ ፎጣ ይወለውለዋል። ላብ ያለበት መሪ አያስረክብም። ከዚያ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይነግረዋል። "ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ ታገሰው፣ ይነክሳል። ተሳቢው የቀኝ ፍሬን ቀድሞ ይይዛል። ባቲ ጋ ዝናብ ነበር፤ ወንዙን አይተህ ግባ።" አባቴ ያለው ሁሉ ሲገባው ሰውየው "እሺ ወንድሜ" ይላል። አባቴ መኪናዋ ከዓይኑ እስክትሰወር አይቀመጥም። እኔ ሚሪንዳዬን ይዤ አየዋለሁ።

ያኔ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን ማን ነገረኝ። ክሪስተንሰንን ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈ ሰው ያደረገው ፍጥነቱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ፈጣን ሰው በየካርት ሜዳው ሞልቷል። መኪናዋን ሳይጎዳ ወስዶ፣ ሳይጎዳ መልሶ፣ ምን እንደሆነች በትክክል ተናግሮ የሚያስረክብ ሰው ነው ሌሊት ላይ የሚጠራው። ሐረጎን ያን ሁሉ ዓመት አንዴም ፍሬን ሳይበጥስ የወረደ ሰው ያሳደገኝ ስለሆነ እንዲህ አስባለሁ።

ልጅቱ በመስከረም መንጃ ፈቃዷን አወጣች። ባለፈው እሁድ ደሴ እናቴን ልንጠይቅ ወጥተን ነበር። ስንመለስ ቁልፉን ሰጠኋት። ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ነድታው አታውቅም። ጉም ነበር። መብራት አበራች። መንገዱ ዝቅ ማለት ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰች፤ ሞተሩ አጓራ። ምንም አላልኳትም። አንድ አይሱዙ ከኋላችን ክላክስ እያደረገ ተጠጋን። ቦታ ስታገኝ ቀኟን ይዛ አሳለፈችው እንጂ አልፈጠነችም። ከሁለት ኩርባ በኋላ ያ ሽታ በመስኮት ገባ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ሸተተህ ጋሼ?" አለች።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጉሙ አልቆ ፀሐይ ሆነ። እዚያ ልረከባት ነበር የተስማማነው። ዳር ይዛ ቆመች፣ ወረደች፣ እኔ በወዲህኛው በር ዞሬ ገባሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋሁ ሳለሁ መስኮቱ ላይ ተደገፈች።

"ፍሬኑ ሲያዝ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል" አለችኝ። "ከመጨረሻዋ ኩርባ ጀምሮ ነው። ነገ ይታይ።"

በሹራቧ እጅጌ መሪውን ጠረግ አደረገችውና ዞራ ገባች።